በጉብታው ማዶ የተደወለው ደወል

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ በዋናው መዝገብ የተያዘ፤ በዚህ ቅጂ ላይ እንዳይጻፍ በራሳቸው ጥያቄ የተተወ
ዕድሜ፦ 39
ሥራ፦ የመነጽር መስታወት ቆራጭና ገጣጣሚ
አድራሻ፦ ለጊዜው ከጎልፍ ሜዳው ጀርባ ባለው የኪራይ ቤት
ከተጎጂው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ልጅ
ቀን፦ አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት
ቃሉ የተሰጠበት ሁኔታ፦ ሳይጠሩ፣ ብቻቸውን በእግር መጥተው፣ በገዛ ቋንቋቸው፤ የጣቢያው አስተርጓሚ ባለበት

ማክሰኞ ጠዋት በአሮጌው የጎልፍ ሜዳ ላይ ጭንቅላታቸውን በኳስ ተመትተው ሆስፒታል የተኙት አዛውንት አባቴ ናቸው። ኳሱን የመታው የከተማው ዳቦ ጋጋሪ መሆኑን አልክድም፤ እሱም አልካደም። ዳቦ ጋጋሪው «ደወል ሰምቼ ነው የመታሁት» ብሎ ቃሉን እንደሰጠ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ባለቤቴና የአባቴ ወዳጅ ደግሞ «ደወል አልተደወለም» እንዳሉ አውቃለሁ። የማውቀውም ቦታው ድረስ ለመጣው ፖሊስ የእነሱን መልስ በአገሩ ቋንቋ ያስተረጎምኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ያን ዕለት ወንድሜ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። አንቺስ ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ የራሴን አልተናገርኩም። ዛሬ ሳልጠራ የመጣሁት ለዚህ ነው።

እኔ ጎልፍ አልጫወትም፤ ዱላውን በየትኛው ጫፍ እንደሚይዙት ያወቅሁትም በግድ ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁት የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት ለመያዝና ለአራት ወንዶች ለማስተርጎም ነው። ከአራቱ አንዱ አባቴ ሲሆኑ የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት ናቸው። ታላቅ ወንድሜ የድርጅቱን ቢሮ ይመራል። ባለቤቴ የዚያው ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ የምንኖረውም አባቴ ግቢ ውስጥ ከኋላ በተሠራው ቤት ነው። ስለዚህ አባቴ ሲከፋቸው ቢሮውም ቤቱም አብሮ ይከፋዋል። አራተኛው ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያና የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። በአገራችን የጎልፍ ክበብ ሰዎች «ዳኛው» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው የጨዋታውን ሕግ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያውቁ ነው። አባቴ ሲጫወቱ ግን ዳኛው ሰማይ ሰማዩን ነው የሚያዩት።

ሰማይ የሚያዩበትን ምክንያት ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። እናቴ ከሞቱ በኋላ አባቴ ከክፍላቸው አልወጣም ብለው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ። ጺማቸውን መላጨት ተዉ፤ ምግቡ እንደቀረበ ይመለስ ነበር። ወንድሜ እያባበለ ጎልፍ ሜዳ ይወስዳቸው ጀመር። አንድ ቀን ኳሳቸው ቁጥቋጦ ሥር ገብታ እንባቸው ሊመጣ ሲል ወንድሜ ቀድሞ ሄዶ በእግሩ ገፋ አደረጋትና ደህናው ሣር ላይ አወጣት። አባቴ መቱ፤ ተሳካላቸው፤ ሳቁ። እናቴ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየናቸው ያን ጊዜ ነው። ማታ እራታቸውን በሉ። ወንድሜ ሲነግረኝ ሁለታችንም ወጥ ቤት ውስጥ አለቀስን፤ ጥፋት እየሠራን ነው ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ኳሷን መግፋት የቤተሰቡ ሥራ ሆነ። ስምም አወጣንለት፤ «ማቃናት» እንለዋለን። አንዱ አባባን በወሬ ይይዛል፣ አንዱ ቀድሞ ሄዶ ያቃናል፣ ዳኛው ሰማይ ያያሉ። ባለቤቴ እኔን ሲያገባ ይህንንም አብሮ ተረከበ፤ ከሁላችን በላይም ሠለጠነበት። በክበባችን በር ላይ ደወል ተሰቅሏል። ሰው ኳሱን በአንድ ምት ቀዳዳ ውስጥ ሲያስገባ ይደወላል። ለአብዛኛው ሰው በዕድሜው አንዴ ከተደወለለት ትልቅ ነገር ነው፤ ለአባቴ በየዓመቱ ይደወላል። ደዋዩም ባለቤቴ ነው። ደወሉ ሲሰማ የወጥ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ ወጥተው ያጨበጭባሉ፤ አባቴም ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ይነሳሉ። ያን ጊዜ የሚያበራው ፊታቸው የሁላችንንም አፍ ይዘጋው ነበር።

ጣጣው የመጣው አባቴ በራሳቸው ሲያምኑ ነው። ባለፈው ዓመት እራት ላይ «ጎልፍ የተጀመረባቸውን እነዚያን የጥንት ሜዳዎች ሳልጫወትባቸው አልሞትም፤ ችሎታዬን እዚያ ልየው» አሉ። ወንድሜ የጎረሰው ትን አለው። ምን ብለን እንከልክላቸው? አይችሉም እንዳንል እኛው ነን ችለዋል ያልናቸው። አባቴ ለሁላችንም ትኬት አስቆረጡ። እንዲህ ሆኖ ነው በራሳችን እጅ የሠራነው ነገር በሩን የዘጋብን።

የባሕር ዳር ሜዳዎቹ ነፋስ በከመረው አሸዋ ላይ የበቀለ ሣር ናቸው። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ መደበቂያ የለም፤ ለሚያቃና ሰው አይመቹም። በዚያ ላይ በየሜዳው ቦርሳ የሚሸከምና ኳስ የሚያሳይ የአገሬው ሰው ይመደባል። ወንድሜ ግን ባዕድ ሰው አጠገባችን እንዲቆም ስላልፈለገ፣ ሁሉም ተይዘዋል ብዬ ለአባቴ እንድነግራቸው አደረገኝ። ነገርኳቸው። የአገሬው ሰው አብሮን ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ የሆነው ባልሆነ ነበር፤ ይህን አልጋ ላይ ሆኜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

በመጀመሪያው ሜዳ አባቴ ማንም ሳያቃናላቸው እንደ ራሳቸው ተጫወቱ። ነፋሱ ኳሱን እየወሰደ የፈለገበት ጣለው። በሁለተኛው ሜዳ ኳሳቸው አንድ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። የጉድጓዱ ግድግዳ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አባቴ ገብተው መቱ፤ ኳሷ ግድግዳውን መትታ እግራቸው ሥር ተመለሰች። እንደገና መቱ፤ ተመለሰች። ከላይ ሆኜ የሚታየኝ ባርኔጣቸውና የሚበተነው አሸዋ ብቻ ነበር። ከኋላችን የቆሙት ተጫዋቾች ያዩን ስለነበር ወንድሜም ባለቤቴም እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አባቴ በመጨረሻ ኳሷን በእጃቸው አንስተው፣ ሽበታቸው ላይ አሸዋ እንደተበተነ፣ በእጅና በጉልበታቸው ወጡ። አንጀቴን በሉኝ።

የተከራየነው መኪና የኋላ በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ ለሕፃናት ተብሎ የተቆለፈ ነው መሰለኝ፣ ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ስለምቀመጥ፣ ወንድሜ ወርዶ ካልከፈተልኝ አልወርድም። ያን ዕለት ስንመለስ አባቴ ከፊት ተቀምጠው በመስኮት እያዩ «እኔ ዕድሜዬን እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ምን ነካኝ?» አሉ። ዳኛው «ነፋሱ ነው ወዳጄ» አሉ። ባለቤቴ «ጋሼ፣ የመንገድ ድካም ነው» አለ። ወንድሜ «አባባ፣ ነገ ታየዋለህ» አለ። እኔ የማይከፈተውን በር እጀታ እንደያዝኩ ቤት ደረስን።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ አባቴ ጫማቸውን ሲያስሩ ወንድሜ ባለቤቴን ወደ ማጠቢያው ጠጋ አድርጎ «ዛሬ አንድ ነገር አድርግ። እንዲህ ሆኖ አገር ቤት አይገባም» ሲለው ሰምቻለሁ። ባለቤቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያላጠበውን ብርጭቆ መልሶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

አሮጌው ሜዳ ላይ ከገቡት ቀዳሚዎቹ እኛ ነበርን። ጤዛው ገና አልረገፈም። ተጫዋቾችን በተራ የሚያስገባው የሜዳው አስጀማሪ ስለ ደወሉ አስረዳን፤ እኔም ለአራቱም አስተረጎምኩ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ከትልቅ የአሸዋ ጉብታ ማዶ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ላይ የተተከለው ባንዲራ ከመምቻው ቦታ አይታይም። ስለዚህ ከፊት ያሉት ተጫውተው ጨርሰው ከባንዲራው ሲርቁ፣ እንጨት ላይ የተሰቀለውን ደወል ይደውላሉ። ከኋላ ያሉት ደወሉን ሳይሰሙ አይመቱም። ባለቤቴ ገብቶት እንደሆነ ለማረጋገጥ መልሶ ነገረኝ፤ «ስንወጣ ነው የሚደወለው፣ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ይህንን የምናገረው አላወቀም ነበር እንዳይባል ነው፤ ያውቅ ነበር።

ጉብታው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ወገቤን አመመኝ ብሎ መጫወቱን ተወና ኳስ ለማየት በሚል ወደ ማዶ ቀደመ። እኔ የመድኃኒቱን ቦርሳ ይዤ ጉብታው ጫፍ ላይ፣ ከነፋሱ ለመሸሽ ረጅሙ ሣር ውስጥ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ በአንድ በኩል መምቻውን፣ በሌላ በኩል ባንዲራውን አያለሁ። ወንድሜና ዳኛው መቱ፤ የሁለቱም ኳስ ጉብታውን ሳይሻገር ቀረ። አባቴ መጨረሻ መቱ።

ስለዚህ ምት በጥንቃቄ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ድምፁ ከሌላው ጊዜ የተለየ፣ ጥርት ያለ ነበር። ኳሷ ከአናቴ በላይ አለፈች። ማዶ የተላጨው ሣር ላይ አረፈች፤ ጤዛውን እየጠረገች ተንከባለለች፤ ከቀዳዳው የአንድ አልጋ ርዝመት ያህል ሲቀራት ቆመች። በኋላዋ ጤዛው ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። እንዲህ ያለ ምት ከአባቴ አይቼ አላውቅም፤ ማንም አላቃናውም። ደስ ብሎኝ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ባለቤቴ ግን እጁ ቀደመው። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ላይ አላየም። ጎንበስ ብሎ ኳሷን አነሳና ቀዳዳው ውስጥ ጣላት። ከዚያ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ገባች! ጋሼ፣ ገባች!» ብሎ ጮኸ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሣሩ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

(ምስክሯ ውሃ ጠይቀው ጠጥተው ቀጠሉ።)

አባቴ ጉብታውን በሩጫ ወጡ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። ወንድሜና ዳኛው ተከተሏቸው። እነሱ ወደ ማዶ እንደወረዱ ዳቦ ጋጋሪውና እህቱ መምቻው ላይ ደርሰው ቆሙ። ዳቦ ጋጋሪው ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት እንደሚጫወት ኋላ ሰምቻለሁ። ቸኩሎ እንዳልመታ እመሰክራለሁ። ዱላውን ተደግፎ ደወሉን ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

አባቴ ኳሷን ከቀዳዳው አውጥተው ሳሟት። ወንድሜ አቀፋቸው። ዳኛው ሰማይ አዩ። በጨዋታው ደንብ ኳስ ስትወድቅ ሣሩን ካሰረጎደችው ባለኳሱ ራሱ ይደፍናል፤ አባቴ ይህን ደንብ አጥብቀው ይጠብቃሉ። ስለዚህ የኳሷን ማረፊያ ፍለጋ ሄዱ። አገኙት፤ ተንበርክከው ደፈኑት። ቀና ሲሉ ጤዛው ላይ የቀረውን መስመር አዩ። በዓይናቸው ይከተሉት ጀመር። መስመሩ ወደ ቀዳዳው ይሄድና ሳይደርስ ይቆማል። ከመስመሩ መጨረሻ እስከ ቀዳዳው ያለው የባለቤቴ ጫማ ፈለግ ብቻ ነው።

ባለቤቴ አባቴ ምን እያዩ እንደሆነ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ደወሉ ሮጠ። ገመዱን ይዞ «እንደ አገራችን ለጋሼ!» እያለ ደጋግሞ ደወለ። የደወለው ዓይናቸውን ከመስመሩ ለማንሳት ነው። አባቴም አነሱ፤ ቀና ብለው ወደ ደወሉ ዞሩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ዳቦ ጋጋሪው ደወሉን ሲሰማ ለእህቱ ራሱን ነቅንቆ ኳሱ ላይ ጎንበስ አለ። እኔ ያን ጊዜ ነው ብድግ ያልኩት። ነጠላዬን አውለበለብኩ፤ «ተው! ተው!» አልኩ። ነፋሱ ወደ ማዶ ስለሚነፍስ ድምፄን ወሰደው። ጎልፍ የሚመታ ሰው ደግሞ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ኳሱ በአጠገቤ አለፈ። አባቴ ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ ኳሷን በሌላው እጅ እንደያዙ ከግራ ጆሯቸው በላይ መታቸው። ወደቁ። ደወሉ ገመዱ ከተለቀቀ በኋላም ትንሽ ይደውል ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ጉብታውን ወጥቶ ሲያይ ዱላውን ጥሎ ሮጠ፤ ሹራቡን አውልቆ ከአባቴ ራስ ሥር ያደረገው እሱ ነው። ፖሊስ ደርሶ ደወል ተደውሎ እንደሆነ ሲጠይቅ ወንድሜ ባለቤቴን አየና ወዲያው «አልተደወለም» አለ። ባለቤቴም መሬት መሬቱን እያየ «አልተደወለም» አለ። ዳኛው «እኔም አልሰማሁም» አሉ። አባቴ መናገር ስለማይችሉ፣ ኋላም ሐኪሙ ስለከለከለ አልተጠየቁም። እኔም ሦስቱንም አስተረጎምኩ። ዳቦ ጋጋሪው የምለውን ሲሰማ በድንጋጤ ወደ እህቱ ዞረ። እህቱ ሰምታለች፤ ግን እህቱ ስለሆነች ቃሏ ብዙም እንዳልታመነ ተነግሮኛል።

ረቡዕ ዕለት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዳቦ ጋጋሪውን አገኘሁት። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ እንደሚከሰስ፣ ከክበቡም እንደታገደ ያወቅሁት እዚያ ነው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እመቤቴ፣ እኔ እኮ ደወሉን የሰማሁ መስሎኝ ነው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ነው የሚያድረው። ጆሮዬ አታሎኝ ይሆናል፤ ላስመረምር ቀጠሮ ይዣለሁ» አለኝ። በአጠገቡ አልፌ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ።

አባቴ ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ የግራ ዓይናቸው አብጦ ተኝተው ነበር። ኳሷን ከእጃቸው ማንም ሊወስድባቸው አልቻለም። ኳሷ በአንድ ምት ገባች የሚለውን ወሬ ነርሶቹ ሁሉ ሰምተዋል። እኔን ሲያዩ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ከላይ ነበርሽ። ስትገባ አየሻት?» አሉኝ። «አባባ፣ አሁን አታውራ፤ ሐኪሙ ይቆጣል» አልኩ። ኳሷን በእጃቸው እያገላበጡ «ጤዛው ላይ መስመር ያየሁ መስሎኝ ነበር። ቀዳዳው ጋ አልደረሰም። ራሴን ስለተመታሁ ነው የተምታታብኝ፤ ዓይኔ ደህና አይደለም። እስቲ አገር ቤት ስንገባ አንቺ መነጽር ሥሪልኝ» አሉ። እሺ አልኩ። የሰው ዓይን አጥርቶ እንዲያይ መስታወት እየሞረድኩ የምኖር ሴት፣ አባቴ በትክክል ያዩትን ነገር አላየሁም ሲሉ እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በኪራይ ቤቱ ወጥ ቤት ሄጄ እውነቱን ለፖሊስ ለመናገር ማሰቤን ለሦስቱም ነገርኳቸው። ወንድሜ በሩን ዘጋና «ስሚኝ እህት ዓለም፤ ቃል ሰጥተናል፣ አልቋል። አሁን ብንመልሰው ሁላችንም ውሸታሞች ነን። አባባ ደግሞ ይህን ከሰማ በቃ፣ እንደ ድሮው ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚሞተው» አለ።

«ሰውዬውስ?» አልኩት።

«ዳቦ ጋጋሪ አይደል እንዴ? ጎልፍ ባይመታ ዳቦ መጋገር ይከለከላል?»

«ጆሮውን ሊያስመረምር ነው እኮ!»

«ያስመርምራ፤ ምርመራ ምን ይጎዳል?» አለ። ዳኛው ሰማይ ስለሌለ ጣሪያውን ያዩ ነበር። «አጎቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብላቸው «ልጄ፣ አባትሽ ወዳጄ ነው» ብለው ዓይናቸውን ሳይመልሱ ቀሩ።

ባለቤቴ ሁለቱ ከወጡ በኋላ ቀረብ ብሎኝ «ስለ ደወሉ ንገሪያቸው። በደስታ ነው የደወለው በያቸው፤ የሚመጣውን እኔ እቀበላለሁ። ስለ ኳሷ ግን እባክሽ ተይ። ጋሼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? የት ነው የምንገባው?» አለኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው እንዳልሆነ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። አባቴን ይወዳቸዋል። ሰው ይደሰትልኝ ብሎ እጁን መሰብሰብ ያቃተው ሰው ነው። እኔም ለጥቂት እሺ ልለው ነበር፤ እንዲህ ቢሆን ዳቦ ጋጋሪው ይድናል፣ አባቴም ደወላቸውን ይዘው ይቀራሉ።

ነገር ግን በደስታ ደወለ ማለት ውሸት ነው። ግማሹን ብቻ ብናገር የዳቦ ጋጋሪው ጆሮ ይድናል፤ የአባቴ ዓይን ግን ይታመማል። ከሁለት ጤነኛ ሰዎች አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ ዓይኑን እንዲጠራጠር ያደረግነው እኛ ነን። አንዱን አድኜ ሌላውን እንደዚያው ልተወው አልቻልኩም። በዚያ ላይ አባቴ በዚያ ጠዋት በራሳቸው እጅ የመቱትን የእውነት ምት የወሰድንባቸው እኛው ነን፤ ይህ ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ወደ ሆስፒታል ሊወስደን መኪናውን ሲያስነሳ ከኋላው ወንበር አልገባሁም። በጓሮ በኩል ወጥቼ፣ መንገዱን እየጠየቅሁ በእግሬ እዚህ ደረስኩ። ባለቤቴ ከመስኮቱ ሲያየኝ አይቻለሁ፤ አልጠራኝም።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ተጠይቄ አንድ ልመና አቅርቤያለሁ። ይህ ቃል ለተጎጂው መነበቡ እንደማይቀር መርማሪው ነግረውኛል። ሲነበብላቸው ሌላ ሰው እንዳያነብላቸው፤ እኔ ላንብብላቸው። ስለ ምቱ የተጻፈው ቦታ ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ማንበብ እፈልጋለሁ። መስመሩን አጥርተው እንዳዩት፣ ቀዳዳው ጋ እንዳልደረሰ፣ መነጽር እንደማያስፈልጋቸው ልነግራቸው ነው። እዚያ ድረስ ደግሞ ኳሷ ማንም ሳይነካት፣ በራሳቸው እጅ ብቻ እንደደረሰች። ከዚያ በኋላ ቢያባርሩንም፣ ቢያለቅሱም፣ በሩን ቢዘጉም እዚያው እቀመጣለሁ።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። አስተርጓሚው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦልኛል። ደወሉ «በደስታ» ተደወለ ብዬ እንዳመንኩ ተደርጎ በስህተት ተጽፎ እንደሆነ ጠይቄ፣ እንዳልተጻፈ አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ማስታወሻ፦ ልመናቸው ተፈቅዷል። ምስክሯ ከጣቢያው ሲወጡ ባለቤታቸው በእግር መጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተገኝቷል። የሱን ቃል መቀበል በዚሁ ሰዓት ተጀምሯል።